በርሜል ላይ የተጋደመ በር

ሰኞ፣ 3

ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት እህቷ ዘንድ ሄደች። እህቷ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፤ ጀሶ ታስሮላታል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሌላ ማን ያስታምማታል? «ሁለት ሳምንት ብቆይ ነው» አለችኝ። ሻንጣዋ ግን የሁለት ሳምንት አይመስልም፤ ወፍራም ሹራቧን ሁሉ ከታዋለች። መቀሷንም ይዛለች። መቀሱ እንኳ ለሥራዋ ነው፤ ልብስ ሰፊ ቤት ጨርቅ ቆራጭ ናትና ከዚያው ሆና ልትመላለስ አስባ ይሆናል። ሹራቡ ደግሞ ብርድ ስለምትፈራ ነው።

ብቻዬን መሆኔ ብዙም አልከፋኝም። ሥራ አለብኝ። የአዳራሹ ኃላፊ፣ ባለመነጽሯ፣ ትናንት ደውላ ቀኑን ቆርጣልኛለች። የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ላይ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት የብየዳ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሰው የጣለውን ድስት፣ ካውያና ማንቆርቆሪያ እየለቀምኩ ቅርጻ ቅርጽ መሥራት የጀመርኩት ግን ገና ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። እስከ ዛሬ ከሌሎች ጋር ተዳብዬ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለው ጥግ ነበር የሚደርሰኝ። ጎረቤቱም «ቁራሌው» እያለ ሲሳለቅብኝ ኖሯል። አሁን ይመጡና ያያሉ።

ባለመነጽሯ የፈለገችው ሦስት አዳዲስ ሥራ ነው። ሦስት ለእኔ ምን አላት?


ረቡዕ፣ 5

ለጎብኚዎች የሚታደል አንድ ገጽ ጻፉልን ተብያለሁ፤ «እንዴት እንደሚሠሩ በራስዎ ቃል»። እዚህ ልሞክረው።

«ጠዋት ሰው ሳይነሳ ጆንያዬን ይዤ እወጣለሁ። የተጣለ የቤት ዕቃ እለቅማለሁ። አልገዛም፣ አልለምንም። ጓሯችን ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ አሮጌ በር አለ፤ ዕቃው ታጥቦ እዚያ ላይ ይንጠፈጠፋል። ከሰዓት በኋላ ሻዬን ይዤ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ቁልቁል ስመለከት መልኩ ድንገት ይመጣልኛል። ትናንት ድስት የነበረው ትከሻ ይሆናል፤ ጭልፋው አንገቱን ያቀረቅራል። ብዙ ጊዜ አንድም ነገር መለወጥ አያስፈልገኝም። እንዳየሁት እነድፈዋለሁ፤ እንደነደፍኩት እበይደዋለሁ።»

ጥሩ ነው። «ታጥቦ» የሚለው ብቻ አላማረኝም። እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ስለ ሳሙና ማውራት ምን ያደርጋል? አወጣዋለሁ።

ስለ መታጠብ ሳነሳ ትዝ አለኝ። ያለፈው ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ከረባት ያሰረ እንግዳ ባለቤቴን «እርስዎስ እዚህ ውስጥ ድርሻዎ ምንድን ነው?» ብሏት ነበር። እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደም ብዬ «እሷማ ዕቃ አጣቢዬ ናት!» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ቀለል ብሎት ሲያወራኝ አመሸ። እሷም ስቃለች። የሳቀች መሰለኝ፤ ዞር ብላ ብርጭቆ እያስቀመጠች ነበር።


ዓርብ፣ 7

ጥሩ ለቀማ። ከተዘጋ ሆቴል ጓሮ። ሁለት ትልልቅ ማጥለያ፣ እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ የሥጋ መፍጫ፣ ክዳኑ የጠፋ ፔርሙስ፣ ጭልፋ በጭልፋ ላይ። ትከሻዬን ገዘገዘኝ።

በሩ ላይ ቦታ አልነበረም። ባለቤቴ ሰኞ ከመሄዷ በፊት ያጠበችው እንዳለ ተቆልሏል። ጠርጌ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። አዲሱን ራሴ አጠብኩ። የሆቴል ቅባት አይጣል ነው፤ ጥፍሬ ሊነቀል ደረሰ። ደረደርኩት። ሻይ አፈላሁ። መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

ምንም።

ማጥለያው ማጥለያ ነው፤ ጭልፋውም ጭልፋ ነው። ደክሞኛል መሰለኝ።


ቅዳሜ፣ 8

እንደገና ቆምኩ። ምንም። ሻዩ ቀጥኖ ይሆናል።


ሰኞ፣ 10

ከአጥሩ ማዶ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ መበየጃዬ ሲቃጠል የሚጠግንልኝ እሱ ነው። ክፋቱ አፉን ዘግቶ መሥራት አለመቻሉ ነው። ዛሬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ያቺ ወፍ የት ደረሰች?» አለኝ።

«የቷ ወፍ?»

«እዚያ በሩ ላይ የነበረችው። ካውያዋ ደረት የሆነችላት፣ ሁለት መፈቅፈቂያ ክንፍ። ልትነሳ ስትል አንድ ነገር ትዝ ብሏት የቆመች የመሰለችው። በየዷት እንዴ?»

እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም አልኩት። ትክክል ነው፤ አላየሁም። ሰኞ ዕለት ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ማክሰኞ ደግሞ ጡረታ ቢሮ ዋልኩ። እሱ ግን ራሱን ነቅንቆ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ካርቶኑን ገለበጥኩት። ካውያዋ አለች። መፈቅፈቂያዎቹም አሉ። የሎሚ መጭመቂያ፣ ሁለት ማንኪያ፣ የስፌት መኪና መዘውር። እስኪመሽ ድረስ ላስቀምጣቸው ሞከርኩ። ካውያዋን በአፍንጫዋ አቆምኳት፤ ወደቀች። በጎኗ አስተኛኋት፤ የሞተች ዶሮ መሰለች። ክንፎቹም የት እንደሚገቡ እንጃላቸው።

የጎማ ጠጋኝ ወሬ ሰምቼ አንድ ቀን አቃጠልኩ። ሞኝ ማለት እኔ ነኝ።


ሐሙስ፣ 13

ባለቤቴ ደወለች።

«እየበላህ ነው?»

«እየበላሁ ነው። የእህትሽስ እግር?»

«ደህና ነው። ጀሶው ይበላኛል እያለች ታማርራለች። ሥራው እንዴት ነው?»

«ጥሩ እየሄደ ነው» አልኳት። ቀጥዬም በዋዛ መስዬ «እኔ ምልሽ፣ ዕቃውን በምንድን ነው የምታጥቢው?» አልኳት።

«በሳሙና ነዋ» አለችኝ።

«ሌላ ምንም የለውም?»

«ሌላ ምን እንዲኖረው ትፈልጋለህ?»

በጣም ተረጋግታ ነው የጠየቀችኝ። መልስ ስትጠብቅ ከጀርባዋ የእህቷ ቴሌቪዥን ይሰማኛል። «የለም፣ ቅባቱ አስቸግሮኝ ነው» አልኳት። «በል እሺ፣ ደህና እደር» ብላ ዘጋችው። ገና አሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አልሆነም ነበር።


እሑድ፣ 16

ልጃችን መጣች። ባሏ መኪና ውስጥ ሆኖ እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አይታ «አባዬ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ መጋዘን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለመብላት አንድ ሳህን በቂ ነው ብዬ የቀረውን ትቼዋለሁ።

«እስኪ ያቺን ጆንያ እጠቢልኝ» አልኳት።

«እኔ?»

«ምናለበት? እናትሽ ታጥብ የለም እንዴ?»

አጠበችው፤ ልጄ ስንፍና አታውቅም። በሩ ላይ ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ አድርጋ፣ ማንኪያን ከማንኪያ ጎን አስተካክላ ደረደረችው። የሱቅ መደርደሪያ ነው የሚመስለው። ቤቷም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም ነገር በወግ በወጉ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ሻዬ እስኪበርድ ጠበቅኩ። የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ብሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ልትሄድ ስትል ኮሪደሩ ላይ ስልክ ስታናግር ሰማኋት። «አይ እማዬ፣ አሁንም አልገባውም። እኔንም አሳጠበኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ «አታልቅሺ እንጂ» አለች።

ምን እንዳልገባኝ እንጃ። የጋዝ ምድጃው አያያዝ ይሆናል፤ ባለቤቴ ሁልጊዜ ታፈነዳዋለህ ትለኛለች።


ማክሰኞ፣ 18

ሁለት ሳምንት ያለችው አለቀ። የእህት እግር ሲሰበር የሚጠገነው አጥንቱ ነው፤ የእኔ ቤት ለምን ይፈታል? ሐኪሙ ጀሶው ይቆይ ብሏል አሉ። ይቆይ።

ዛሬ ሌላ ዘዴ። ዕቃውን ሳላጥብ ውሃ ብቻ ረጨሁበት። ምናልባት የሚያብለጨልጨው ነገር ይሆናል ብዬ። ጎሚስታው አይቶኝ «ጋሼ፣ አትክልት ጀመሩ እንዴ?» አለኝ።


ቅዳሜ፣ 22

መልኩ እስኪመጣ አልጠብቅም። ልጠራው ነው። ዕድሜ ልኬን የተማሪ እጅ ይዤ «አትፍራ፣ ብረት ያዘዙትን ይሰማል» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ማጥለያዎቹን፣ የሥጋ መፍጫውን፣ ፔርሙሱን አንድ ላይ በየድኳቸው። ብየዳው ያምራል። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ጉብታ ብታገኙበት እጄን ቁረጡት። ስሙን «ቤተሰብ» አልኩት።

ጎሚስታውን ጠርቼ አሳየሁት። ዞረው። ቁጢጥ ብሎ አየው። ደግሞ ተነስቶ ዞረው።

«ፎጣ መስቀያ ነው?»

«ቤተሰብ ነው።»

«እህ» አለ። «የተጣሉ ናቸዋ።»


ረቡዕ፣ 26

ባለመነጽሯ መጣች። ቤቱን ለማስተካከል ሰዓት አልነበረኝም፤ ወንበር ላይ ያለውን ልብስ ወደ መኝታ ቤት ወርውሬ በሩን ዘጋሁት።

መጀመሪያ ከዚህ በፊት ያለቁትን ሁለት የቆዩ ሥራዎች አየች። አንደኛው ድስቶችና ሳፋዎች ተደጋግፈው የቆሙበት ነው። እጇን በአገጯ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። «እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ። «የእርስዎ ዕቃዎች ሁሉም አፋቸውን ይደፋሉ። አንድም ወደ ላይ የተከፈተ የለም። መያዝ የነበረባቸውን ያፈሰሱ፣ ከእንግዲህም ምንም የማይቀበሉ ይመስላሉ። ባለፈው ኤግዚቢሽን ስለ እርስዎ የጻፈው ጋዜጠኛም ያለው ይህንኑ ነው። አስበውበት ነው አይደል?»

«እንግዲህ…» አልኩ። ለጋዜጠኛው ያኔ «አዎ» ብዬዋለሁ።

ከዚያ ወደ «ቤተሰብ» ዞረች። የመጀመሪያ ነገር ያየችው የፔርሙሱን አፍ ነው፤ ወደ ጣሪያው ተከፍቷል። ማጥለያዎቹም እንደዚያው ናቸው። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የቀድሞዎቹ የሚተነፍሱ ይመስላሉ። ይሄኛው ተበይዷል፣ በቃ። አሞዎት ነበር?»

«ትንሽ ደክሞኝ ነው።»

«ባለቤትዎስ? የሉም እንዴ? ባለፈው የነገሩን ቀልድ…» ልትስቅ ጀምራ የሳህኑን ክምር አየችና ተወችው።

ሦስቱን ሥራ እንደምታገኝ ማልኩላት። ማለም ቀላል ነው፣ መማልም እንደዚያው።

አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። ዕቃ አፉ የሚደፋው ውሃው እንዲወርድ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ጋዜጣ ላይ የወጣው፣ ሰው ቆሞ ያደነቀው፣ እኔም አንገቴን ነቅንቄ የተቀበልኩት ያ ሁሉ ትርጉም ታጥቦ የተደፋ ድስት ነው። ደግሞስ ቢሆን? መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ያየው የማን ዓይን ነው?


ሰኞ፣ 1

አዲስ ወር። ጎሚስታውን ዛሬ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

በጨዋ ደንብ ነበር የጀመርኩት። ያቺ ወፍ የምትላት እንዴት ነበረች፣ እስኪ እንደገና ንገረኝ አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እኔማ ምኑን አውቀዋለሁ ጋሼ፤ እትዬን ይጠይቋቸው። የሠሯት እሳቸው ናቸው» አለ።

«ማጠባቸውን ነው?»

«መሥራታቸውን ነው እንጂ። ያን ዕለት ሻንጣቸው ደጅ ቆሞ፣ ታክሲው ጥሩምባ እየነፋ፣ እሳቸው ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሦስት ጊዜ ደረደሯት። ሁልጊዜስ እንደዚያ አይደሉ? ያስቀምጣሉ፣ ራቅ ይላሉ፣ ይመለሳሉ። እኔ ሥራው የሁለታችሁ መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

ዕቃ ሲታጠብ መደርደሩ ወግ ነው፤ አንተ ጎማህን ንፋ አልኩት።

«እሺ ጋሼ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለቱ ነው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮም፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ሰዎችም፣ ሁሉም በዚያ አጥር በኩል ያያሉ ማለቱ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ እስኪ በሥርዓት ላስበው።

ንድፉን ማን ነደፈው? እኔ። ማን በየደው? ዓይኑን ጭስ የበላው፣ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ ያለበት ማን ነው? እኔ። ጆንያውን ማን ተሸከመ? በየቆሻሻ ገንዳው ሥር ከውሻ ጋር ማን ተጋፋ? እሷ ምን አደረገች? ድስት በድስት ላይ አስቀመጠች። ይሄ ሥራ ከሆነ የዓለም የቤት እመቤት ሁሉ ቀራጺ ናት።

ይሄን ጽፌ ትንሽ ቀለል አለኝ። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር መጣብኝ። አንድ ቀን በሩ ላይ ያለችውን ማንቆርቆሪያ ለሻይ ፈልጌ አንስቻት ነበር። ባለቤቴ እጇ በሳሙና እንደተለወሰ ከወጥ ቤት ወጥታ፣ ከእጄ ተቀብላ፣ መልሳ አስቀመጠቻት። አንዴ አስቀምጣ ትንሽ ወደ ግራ አዞረቻት። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በዚያው ዕለት ከመስኮቱ ሆኜ «ሴትዮዋ» ያልኩትን ሥራ አየሁ፤ ከሁሉ የበለጠ የተወደደልኝ እሱ ነው። አንገቷን ወደ ግራ ዞር አድርጋ የቆመች ሴት ናት። ሥሩ ላይ የእኔ ስም በናስ ተቀርጿል።

ምነው ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንዴ እንኳ ብትናገር? «ይሄ የእኔ ነው» ብትለኝ እምቢ እላት ነበር? አልላትም ነበር። አልላትም። ወይም እስቅባት ነበር። አላውቅም።


ሐሙስ፣ 4

ጠዋት ወጣሁ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የተጣለ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያ ምን አደርግበታለሁ እላለሁ፤ እተወዋለሁ።

«ቤተሰብ»ን በመቁረጫ በጣጠስኩት።


ሐሙስ፣ 11

ልጃችን ደወለች። የአክስቷ ጀሶ ከተፈታ አራት ቀን ሆኖታል። ሴትዮዋ በዱላ እየሄደች ነው፤ ገበያም ወጥታለች።

«ታዲያ እናትሽ ምን ትሠራለች እዚያ?»

«ለሥራዋ ይቀርባታል።»

«ቤቷ እዚህ ነው!»

«አባዬ፣ እኔ ላይ ለምን ትጮሃለህ? ደውልና ንገራት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስትደውልላት ግን ስለ ሳሙና አታንሳባት፣ እሺ?»

ልጄ ናት። ከተወለደች ጀምሮ የእኔን ወገን ትይዝ ነበር።


ቅዳሜ፣ 13

ነገ እሄዳለሁ። ወስኛለሁ። ጆንያ ሞልቻለሁ፤ ካውያዋን፣ መፈቅፈቂያዎቹን፣ በካርቶን ያለውን በሙሉ፣ ከአዲሱም ጨምሬ። ለምን እንደምወስደው ለራሴም በትክክል አልነገርኩትም። ባዶ እጅ የሰው ቤት አይኬድም።

ጺሜን ተላጨሁ። ሸሚዝ ለመተኮስ ካውያ ፈለግኩ፤ ቤት ሙሉ ካውያ አለኝ፣ አንድ የሚሠራ የለም።


እሑድ፣ 14

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጆንያውን እያዩ «ሊሸጡት ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ፣ ሚስቴን ልጠይቅ ነው» አልኳቸው። ጆንያውን እንደገና አዩት፤ ከዚያ እኔን። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። ብዙ አይደለም። የምትሠሪው አንቺ ነሽ። እኔ የበየድኩት አንቺ የደረደርሽውን ነው። ስምሽ ከስሜ ጋር ይጻፍ። መስታወቱ ላይ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየሁት። በጣም ቀላል ነበር፤ ሕፃን የሚለው ነገር ነው።

የከፈተችልኝ እህቷ ናት፣ ዱላዋን ተደግፋ። «ውይ፣ ቁራሌው መጣ!» አለች። «ግባ እንጂ። ጆንያህንም አስገባው፤ ደጅ ብትተወው ሆድህ ይባባል።»

ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። ጸጉሯን አሳጥራዋለች። አምሮባታል፤ አልነገርኳትም። ተሳሳምን። ሻይ ቀረበ። ስለ ልጃችን አወራን፣ ስለ እግሩ አወራን፣ ስለ ልብስ ሰፊው አወራን፤ ክረምቱ ሳይገባ ሥራ በዝቶባቸዋል። ወሬው አለቀ። እህቷ ጆንያውን በዱላዋ ነካ ነካ አድርጋ «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባል ነበር» አለች። «አንዳንዱ ግን ራሱ ያቀለለውን ራሱ ተመልሶ ይለምናል።»

«ተይ አንቺ» አለቻት ባለቤቴ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እስኪ ይሄን ዕቃ እጠቢልኝ» የሚል ነው።

የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ላጥብልህ?» አለችኝ።

«አዎ። እንደ ድሮው።»

ፊቴን ብዙ አየችው። የሆነ ነገር እየፈለገች ነበር፤ እኔም እያወቅኩ አልሰጠኋትም። ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ተከትያት ጓዳው በር ላይ ቆምኩ። ማጠቢያው አጠገብ አንድ ሳህን የለም፤ ሁሉም ተወልውሎ ቁምሳጥን ገብቷል። ከተጋባን ጀምሮ ስታጥብ ቆሜ ያየሁት ዛሬ ነው። ሁልጊዜ ከመስኮቱ የማየው ካለቀ በኋላ ነበር። ዕቃውን አንድ በአንድ ታነሳለች። ታሻለች፣ ታለቀልቃለች፣ ከዚያ እጇ ውስጥ ታገላብጠዋለች፤ ክብደቱን ትመዝናለች፣ ቀዳዳውን ወደ ብርሃኑ ታዞራለች። ካውያዋ ላይ ስትደርስ አወቀቻት። በአንድ እጇ ካውያዋን፣ በአንድ እጇ መፈቅፈቂያውን እንደያዘች አስጠጋቻቸው። ትንሽ አጋደለቻቸው። አየኋት! ወፏን አየኋት፤ ደረቷን፣ አንድ ክንፏን፣ ልትነሳ ስትል ማመንታቷን።

እጇ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ መፈቅፈቂያውን አስቀመጠች፣ ከትከሻዋ ላይ ፎጣዋን አወረደች፣ ካውያዋን ወለወለች። እጀታዋን፣ ሥሯን፣ ጥጋጥጓን ሁሉ። እስክትደርቅ ወለወለቻትና ጆንያው ውስጥ ከተተቻት። መፈቅፈቂያውንም እንደዚያው። ማጥለያውን፣ ጭልፋውን፣ ማንኪያውን። ምንም ነገር በምንም ነገር ላይ አላስቀመጠችም።

«እዚያ ላይ ትንሽ ቢንጠፈጠፉ አይሻልም?» አልኳት። ድምፄ የለማኝ ድምፅ ሆነብኝ፤ አፈርኩ።

«ደርቀዋል» አለችኝ።

የጆንያውን አፍ ቋጥራ አቀበለችኝ። በር ድረስ ሸኘችኝ። አሁን አልኩ በልቤ፤ አሁን ካልተናገርክ ምላስህ ይቆረጥ።

«መቼ ትመጫለሽ?»

«ለምን?» አለችኝ።

በቁጣ አይደለም የጠየቀችኝ። ሁለት እጇን አጣምራ፣ መልሴ ምንም ያህል ቢዘገይ ቆማ ልትሰማው ነው የጠየቀችኝ። ያጠናሁት ሁሉ እዚያው ምላሴ ላይ ነበር። ከዚያ አዳራሹ ታየኝ፣ ከረባት ያሰረው እንግዳ ታየኝ፣ የሚስቁት ሰዎች ዞረው በእኔ ሲስቁ ታየኝ።

«ቤቱ ቆሽሿል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የምታውቀውን ነገር እንደገና የሰማች ሰው ነው እንዲያ የሚነቀንቀው። «ቤት ማጽዳትማ ማንም ይችላል» አለችኝ። ጆንያው ትልቅ ስለሆነ በሩን በደንብ ከፍታ ያዘችልኝ።


ማክሰኞ፣ 16

ባለመነጽሯ ደወለች። ካታሎጉ ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፤ ያ አንድ ገጽ አልደረሳትም፤ የአዲሶቹ ሥራዎች ፎቶግራፍም አልደረሳትም። ካልሆነም ሳይረፍድ ይንገሩኝ፣ አዳራሹን የሚፈልጉ ሌሎች አሉ አለችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ስትናገር አታዋርድም።

«አዲስ ሥራ የለኝም» አልኳት።

«ምን ሆኑ? ታመሙ?»

«ውሃ ጠፋ።»

የቀለድኩ ሳይመስላት አልቀረም። «ውሃ ከብረት ሥራ ጋር ምን አገናኘው?» አለች።

«ዕቃው መታጠብ አለበት።»

«ይሄ ብቻ ከሆነማ ምን ያስጨንቅዎታል» አለችኝ። ድምጿ ላይ እፎይታ ነበር። «የሚያጥብልዎ ሰው ልላክ?»

ከልቧ ነው። ልትረዳኝ ፈልጋ ነው። «አይ፣ ይቅር» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።